ከአሪቻ አፈር የወጡት መዳፎች

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ አሻራ እንድሰጥ ተጠራሁ። የሚያስተናግደው ወጣት መሣሪያውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «አውራ ጣትዎን ያሳርፉ» አለኝ። አሳረፍኩ። ትንሽ ጠበቀና መስታወቱን በጨርቅ ጠርጎ እንደገና አስደረገኝ። ከዚያ ሌላውን ጣት፣ ከዚያ የግራ እጄን። አሥሩንም ከሞከርን በኋላ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳይነቅል «እናቴ፣ ጣት የለም ነው የሚለው» አለኝ።

«ይኸው አሉ እኮ» አልኩት አሥሩንም ዘርግቼ።

«አዎ፣ አሉ። ግን የለም ይላል።»

ሳቅን። ሌላ ፎርም ሰጠኝ፣ ሞላሁ፣ አለቀ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ባጃጁ ውስጥ ጣቶቼን ወደ ብርሃን አዙሬ አየኋቸው። መስመር የሚባል ነገር የላቸውም። በሥራዬ የነካሁት ኮስቲክ ሶዳና የፈላ ውሃ በዓመታት ውስጥ ልሰውታል። ያን ጊዜ ነው አንዲት ሴት ትዝ ያለችኝ፤ የእሷን እጅ እኔ ካየሁት በኋላ ከልቤ ወጥቶ አያውቅም። ስለ እሷ አንድ ቦታ ሳልጽፍ መቅረት እንደሌለብኝ የወሰንኩት እዚያው ባጃጅ ውስጥ ነው።

ስሜ ዘይነባ ነው። አባቴ ከስልጤ መጥቶ ዲላ መናኸሪያው አካባቢ ሱቅ ከፈተ። የሚሸጠው ባልዲ፣ ጀሪካንና ፌስታል ነበር፤ ስለዚህ ያደግሁት በላስቲክ ሽታ ውስጥ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ሱቃችን ፊት ለፊት ያለው ቦይ ክረምት በመጣ ቁጥር እኛው በሸጥነው ፌስታል ይደፈናል። አባቴ በእንጨት እየጎተተ ያወጣዋል፣ በነጋታው ደግሞ ይሸጣል። እኔ ቆሜ አያለሁ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

የመጀመሪያ ሥራዬ አሪቻ ነበር፣ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ። ሥራዬ ገንዳ ውስጥ ያደረውን ቡና በእጄ እያሸሁ ልጋጉ መልቀቁን ማወቅ ነው። አለቃችን ቀኑን ሙሉ አሥር ቃል የማይናገር ሰው ነበር፤ እጄን ከገንዳው ሳወጣ ዓይኔን ያያል፣ ራሴን ከነቀነቅሁ ውሃ ያስለቅቃል። ከጣቢያው ጀርባ ከቡናው የተላጠው ቀይ ገለፈት ክምር አለ። ጠዋት ጠዋት ይጨሳል። ሲበሰብስ ከውስጥ እየሞቀ ስለሚሰምጥ፣ ዝም ብሎ ለሚያየው ሰው ክምሩ የሚተነፍስ ይመስላል። ከጋሽ ጅግሶ ጋር የተዋወቅነው እዚያ ነው። ጋሽ ጅግሶ ከጣቢያው በታች የቡና ችግኝ እያፈላ ለገበሬው የሚያከፋፍል ሰው ነው፤ የበሰበሰውን ገለፈት ለአፈሩ ሊወስድ ይመጣል። እንደ እሱ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ብዙ አላየሁም።

ከዓመታት በኋላ ዲላ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ በረዳትነት ተቀጠርኩ። ብርጭቆ ከማጠብ ጀምሬ ሚዛን መያዝና መመዝገብ ደረስኩ። ዶክተር ሀብታሙ ከትምህርት የተመለሰው በዚያን ሰሞን ነው። ወጣት ነው፣ ችኩል ነው፣ ክፉ ሰው ግን አይደለም። አንድ ቀን ከጁስ ቤት ያመጣውን አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የአቮካዶ ዘር ወለሉ ላይ ዘረገፈና «ዘይነባ፣ ላስቲክ ከዚህ እናወጣለን» አለኝ።

«ከዚህ?»

«ከዚህ። አፈር ውስጥ የሚጠፋ ላስቲክ። ለችግኝ።»

የመጀመሪያውን ዘር የፈጨሁበትን ቀን አልረሳውም። ዘሩ ይታጠባል፣ ይላጣል፣ ይፈጫል። ሲፈጭ ነጭ ነው። አየር ሲያገኘው ግን ወዲያው መቅላት ይጀምራል፤ መጀመሪያ እንደ ብርቱካን፣ ቀጥሎ እንደ ደም። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጣቴን የቆረጥኩ መስሎኝ ጎድጓዳ ሳህኑን ለቀቅሁት። ወለሉን ሳጸዳ የመጣች የጽዳት ሠራተኛ «በስመ አብ! ምን ታርዶ ነው?» ብላ ከበር ተመለሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ክፍላችንን ለማጽዳት አልመጣችም።

ሥራው ሲሰፋ ዲላ አጠገብ ጪጩ ውስጥ አንድ የቆየ የቡና መጋዘን ተከራየን። ከጁስ ቤቶች የአቮካዶ ዘር፣ ከገበያ የአናናስ ልጣጭ ይመጣል። ልጣጩ በኮስቲክ ሶዳ ተቀቅሎ ቃጫው ይወጣል፣ እሱ ለጥንካሬ ነው። ዘሩ ተፈጭቶ፣ በውሃ ታጥቦ፣ በጨርቅ ተጠልሎ ሥሩ ላይ የሚረጋው ነጭ ነገር ይደርቃል። ያንን ከውሃ፣ ከግሊሰሪንና ከትንሽ አቼቶ ጋር ስናበስለው ወተት የመሰለው ነገር ድንገት ጥርት ይላል። ከዚያ በመስኮት መስታወት ላይ አፍስሰን እናደርቃለን። የደረቀው ገጽ ሲላጥ ቡናማ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ቆዳ ይመስላል። እንዳይመስል ስንት ነገር ሞከርን፣ ቆዳ ከመምሰል አልዳነም።

ይህን ሥራ በመጽሐፍ የምናውቅ እኛ ነበርን። በእጅ የምታውቀው ግን እትዬ አለሚቱ ናት። ለቀን ሥራ የገባች የጌዴኦ ሴት ናት፣ ዕድሜዋ ከእኔ ከፍ ይላል። ዕድሜ ልኳን ከእንሰት ቡላ ስታወጣ የኖረች ስለሆነ ከዘሩ የሚወጣውን ነጭ ነገር ሁሉ ቡላ ነበር የምትለው። እንሰት ስትፍቅ በመፋቂያው የቀኝ እጇን የትንሽ ጣት ጫፍ አጥታለች። አማርኛዋ ላይ ወንድና ሴት ይቀላቀልባታል፤ እኔን «አንተ»፣ ዶክተሩን «አንቺ» ትል ነበር። ዶክተሩ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፣ በኋላ ለመደው።

በመጀመሪያው ሳምንት ድስቱን ሳማስል አየችኝና ማማሰያውን ቀስ አድርጋ ከእጄ ወሰደች።

«አንተ በዓይንህ ታያለህ። ጆሮ የለህም?»

«ምን ልስማ?»

«ሲያጉረመርም ተወው። ሲተነፍስ አውጣው።»

እውነትም ይተነፍሳል። አረፋው መጀመሪያ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ይቆጣል፣ ከዚያ አንድ ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ ጸጥ ይላል። በዚያች ቅጽበት ካላወጡት ይቃጠላል ወይም ይሰነጠቃል። እኔ ሰዓትና ቴርሞሜትር ይዤ ያልደረስኩበትን እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትደርስበታለች። ስታፈስ አትናገርም፣ ማንንም አታናግርም፤ ትንፋሽ ገጹን ያሸበሽበዋል ትላለች። ግማሽ ሲደርቅ ደግሞ የቀኝ መዳፏን በእያንዳንዱ ገጽ መሃል ታሳርፋለች። ታሳርፍና ትጠብቃለች፣ የታመመ ልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው። ከዚያ «ይሄ ነገ» ወይም «ይሄ አሁን» ትላለች። ተሳስታ አታውቅም። ሶዳው እጇን ስለሚሰነጥቀው ጠዋት ጠዋት መዳፏን በንብ ሰም ታሸው ነበር። በየገጹ መሃል መዳፏ ያረፈበት ቦታ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፣ ወደ ብርሃን ሲይዙት አምስት ጣት ይታያል።

ያ መጋዘን ለማያውቀው ሰው የሚያስፈራ ቦታ ነበር። ቡናማዎቹ ገጾች በገመድ ላይ ረድፍ ረድፍ ሆነው ይሰቀላሉ። ረፋድ ላይ ቆርቆሮው ሲግል እርጥበቱ ይለቃቸዋል፣ ያን ጊዜ ድምፅ ማሰማት ይጀምራሉ። ድምፁ ዝናብ አይመስልም፣ አይጥም አይመስልም፤ ብዙ ሰዎች በዝቅተኛ ድምፅ የሚነጋገሩ ይመስላል። ዘበኛው «ይማከራሉ» እያለ ከበሩ አያልፍም ነበር። በመሃላቸው ስታልፍ ደግሞ ትንፋሽህና ላብህ ስለሚደርሳቸው ጫፋቸው ወደ አንተ ይታጠፋል። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ቀጭን ነገር አንድ ጎኑ ሲርስ ይታጠፋል። ቢሆንም ብቻዬን ስሆን በመሃላቸው አላልፍም፣ በግድግዳው በኩል ዞሬ እሄዳለሁ። እትዬ አለሚቱ ግን ጠዋት ስትገባ በመሃል ሄዳ ሁሉንም ሰላም ትላለች።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ዕቃችን ለመሰራጨት ደረሰ ተባለ። ለአሪቻው ጋሽ ጅግሶ ችግኝ ጣቢያ ሁለት ሙሉ መደብ የሚሆን የችግኝ ላስቲክ እንድናደርስ ተወሰነ። አንዱ ገጽ ተጠቅልሎ አንድ ላስቲክ ይወጣዋል፤ ገበሬው የቡና ችግኙን ከነላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ይተክለዋል፣ ላስቲኩ እዚያው አፈር ይሆናል። በዚያ ሰሞን እንግዶች ሊጎበኙን መጡ። ከእንግዶቹ አንዱ አንድ ገጽ ወደ መስኮት አዞረና «ይሄ የሰው እጅ ነው?» አለ። ዶክተር ሀብታሙ ፊቱ ቀላ። እንግዶቹ እንደሄዱ ጠራኝ።

«ዘይነባ፣ ይህ የፋብሪካ ዕቃ ነው። ሰም ይነካዋል፣ ላብ ይነካዋል። ከነገ ጀምሮ ጓንት።»

«እሷ በእጇ ነው የምታውቀው፣ ዶክተር።»

«መሣሪያ አለሽ አይደል? አንቺ እወቂላት።»

ትእዛዙን እሱ አላደረሰም፣ እኔ ነኝ ያደረስኩት። ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬላት «ግዴታ ነው» አልኳት። አንስታ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ሳልነካው እንዴት አውቃለሁ?»

«ማወቅ የእኔ ሥራ ነው» አልኳት።

ይህን ቃል ስናገር የተቆጣሁ አልነበርኩም፣ እሱ ነው የሚብሰኝ። ቸኩዬ ነበር፣ ሚዛን ላይ የተቀመጠ ነገር ነበረኝ። እትዬ አለሚቱ ጓንቱን አጠለቀች። የትንሽ ጣቱ ጫፍ ባዶውን ተንጠለጠለ። ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት በገጾቹ መሃል ስታልፍ ሰላም ስትል አልሰማኋትም።

የመጀመሪያው መደብ ላስቲክ በእጇ የተሠራ ነው፣ ሁለተኛው በጓንት። ሁለቱንም አንድ ላይ አስረን ላክን። ከመላካችን በፊት ግን ላስቲኩ እስከ ክረምቱ መግቢያ እንደሚቆይ የሚያረጋግጥ ወረቀት ነበረ፣ ፈራሚዋ እኔ ነኝ። ሙከራውን የሠራሁት መጋዘን ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር፣ በባልዲ አፈር ነው። አፈሩን በሳምንት አንድ ቀን ውሃ አርከፈክፍበታለሁ። የአሪቻን ዝናብ ዓመታት የኖርኩበት ሰው ነኝ፤ ያ ባልዲ አሪቻ እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

ልፈርም በተቀመጥኩበት ጠዋት እትዬ አለሚቱ በእርጥብ ቅጠል የተጠቀለለ አፈር ይዛ መጣች። ከቤቷ ጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር የመጣ ነው። በየጊዜው ከሠራችው ላይ ቁራጭ እየቀበረች በእንጨት ምልክት ታደርግ ነበር፣ ለራሷ፣ ማንም ሳያዛት።

«ይሄን እየው። በእጄ የነካሁት አለ፣ ጓንት ለብሼ የሠራሁት ጠፍቷል። ፈለግሁት፣ አፈር ብቻ ነው።»

«ሊጠፋ አይደል የተሠራው?»

«አሁን አይደለም። ገና ነው። ዝናቡ ገና አልመጣም።»

«እትዬ አለሚቱ፣ መኪናው ቆሟል» አልኳት። ፈረምኩ። ቅጠሉን እንደያዘች ሄዳ አፈሩን ከበር ውጭ ደፋችው።

ግንቦት ላይ ታመመች። ሳሏ ሳንባዋ ላይ ወረደ ተባለ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞተች። ለቀብር ጪጩ ሄድኩ። አንድ ልጅ አላት፣ ትዕግሥት የምትባል፣ አስተማሪ። ለቅሶ ላይ እጄን ጨብጣ «ስለ ሥራው ብዙ ታወራ ነበር» አለችኝ።

ሰኔ ሲገባ ጋሽ ጅግሶ ደወለልኝ። ድምፁ የወትሮው አልነበረም። «ዘይነባ፣ ነይና እይ። በስልክ የሚነገር አይደለም» አለኝ።

በጠዋቱ ደረስኩ። ጉሙ ከቁልቁለቱ አልተነሣም፤ ከጥላ ዛፎቹ የሚንጠባጠበው ውሃ ካልሆነ በቀር ድምፅ የለም። ሁልጊዜ ስድስት ሰባት ሴቶች ሲያርሙ የማያቸው ችግኝ ጣቢያ ባዶ ነው። ችግኞቹ ግን አምረው ቆመዋል፣ ቅጠላቸው ያብረቀርቃል።

«ደህና አይደሉም እንዴ?» አልኩት።

«አንዱን አንሺ።»

ጎንበስ ብዬ አንዱን ችግኝ ከግንዱ ያዝኩና ወደ ላይ ሳብኩት። ጎረቤቱ አብሮ ተነሣ። የጎረቤቱ ጎረቤት ተነሣ። መደቡ በሙሉ፣ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ፣ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ አለ፣ ቅጠሎቹ ሁሉ ባንድነት ተነቀነቁ። ብርድ ልብስ ሥር የተኛ ሰው የተገላበጠ ይመስላል። ለቀቅሁት። መደቡ ቀስ ብሎ ተመልሶ ተኛ፣ ከሥሩም አየር ወጣ።

ላስቲኩ ከጊዜው በፊት ጠፍቶ ሥሮቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው አንድ ሆነዋል። ጋሽ ጅግሶ በቢላ ሊለያያቸው ሞክሮ ነበር፤ የለያያቸው ሁሉ በሳምንት ደረቁ። ጉድጓድ ቆፍረው የሚጠብቁት ገበሬዎች የእሱን ቃል አምነው ነው ሌላ ቦታ ችግኝ ያልጠየቁት።

«ሠራተኞቹስ?» አልኩት።

«ሄዱ። ለዚህ አይደለም የሄዱት። ነይ።»

ከጣቢያው ጎን ቡና የሚሰጣበት የሽቦ አልጋ አለ። አልጋው ላይ ጆንያ ተነጥፏል፣ ጆንያው ላይ እጆች ተደርድረዋል። ቡናማ፣ ቀጭን፣ የሰው እጅ ያህል። የላስቲኩ ሌላው ክፍል አፈር ሆኖ የቀረው መዳፉ ብቻ ነው፣ ከነጣቶቹ፣ ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል። ሁሉም የቀኝ እጅ ናቸው። ሁሉም ላይ የትንሹ ጣት ጫፍ የለም።

«ከመጀመሪያው መደብ ነው የምናወጣቸው» አለኝ ጋሽ ጅግሶ። «ችግኝ በነቀልን ቁጥር አንድ እጅ። ሴቶቹ ሦስተኛውን ሲያዩ መቆፈሪያቸውን ጥለው ሄዱ። እኔ ብቻዬን አወጣሁ። እንደ ቆሻሻ ልጥለው አልቻልኩም፣ መልሼ ልቀብረውም አልቻልኩም። የማን ነው ይሄ?»

ላየው ጎንበስ አልኩ። ትንፋሼ የነካው የመጀመሪያው መዳፍ ጣቶቹን ቀስ አድርጎ አጠፈ፣ ጨበጠ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ተከፈተ። ጋሽ ጅግሶ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ «ቢስሚላህ» አልኩ እንጂ ከቦታዬ አልተንቀሳቀስኩም። ሳይንሱን አውቀዋለሁ። አንዱ ጎኑ ሰም አለው፣ ሌላው የለውም፣ እርጥበት ሲነካው ይታጠፋል። ይህን ለጋሽ ጅግሶ አስረዳሁት።

«የሞተች ሴት እጅ ነው» አልኩት መጨረሻ ላይ። «አብራን ትሠራ ነበር።»

«ነፍስ ይማር» አለ። ከዚያ ችግኞቹን ዞሮ አየና «ይህን ላስቲክ ይቆያል ያለው ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ዝናቡ በዛ፣ ጋሽ ጅግሶ» አልኩት።

መዳፎቹን በጆንያ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጆንያውን በመኪናው ጀርባ ማስቀመጥ አልቻልኩም፣ እስከ ዲላ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። መንገዱን በሙሉ ጨርቁ ውስጥ አንዳች ነገር ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል።

በሪፖርቱ ላይ ከፍተኛ ዝናብ ብዬ ጻፍኩ። ዶክተር ሀብታሙ ሥራው ሊዘጋ ነው ብሎ አዘነ። እኔ ግን መዳፎቹን አይቻለሁና አንድ መስታወት ሙሉ ሠርቼ ሲደርቅ ገጹን በሙሉ ቀጭን ሰም ቀባሁት። ሌላውን ሳልቀባ ተውኩት። ሁለቱንም እውነተኛው ዝናብ ሥር ቀበርኩ። ያልተቀባው ጠፋ፣ የተቀባው ቆየ። እትዬ አለሚቱ በቅጠል ጠቅልላ ያመጣችልኝ ይህን ነበር፤ የሰማሁት ከሞተች በኋላ ነው። ዶክተሩ ሲያይ ተደሰተ፣ አቀፈኝ፣ አዲሱን አሠራር «የቡድናችን ግኝት» ብሎ በወረቀት አሰፈረ። እኔም ስሟን አላነሣሁም።

መዳፎቹ ያሉበትን ጆንያ ቤቴ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ክረምት ነው፣ አየሩ ሲለዋወጥ ከውስጥ ይንኮሻኮሻል። ባለቤቴ «አይጥ ገብቷል» እያለ ያንኳኳበታል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አልቻልኩም፣ ይዤው ጪጩ ወረድኩ።

ትዕግሥት ጓሮዋ ውስጥ የክረምት ተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር። ጆንያውን መሬት ላይ ዘረጋሁት። ምን እንደሆነ አላስረዳኋትም፣ አላስፈለጋትም። ትንሿን ጣት አየች። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«የት ነበሩ?»

«አሪቻ። አፈር ውስጥ።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፣ ሰሙን፣ ዝናቡን፣ መደቡን።

«ጓንት ያስለበሳት ማነው?» አለችኝ። «እየመጣች ትነግረኝ ነበር። ስም ግን አትጠራም። ‘አንዱ’ ነበር የምትለው።»

«እኔ ነኝ።»

«ቁራጩን ይዛ ስትመጣ ያባረራትስ?»

«እኔ ነኝ፣ ትዕግሥት። የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፣ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ደብተሩን ዘጋችና «አልተቆጣችብሽም» አለችኝ። «ፈርታ ነበር። ‘የሰው ችግኝ ይሞታል፣ የሚሰማኝ የለም’ እያለች እንቅልፍ አጥታ ነበር። አሁን ያ አሠራር ላይ ስሟ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው እነዚህን እኔ ከእሷ ጎን እቀብራለሁ። አንቺ ሄደሽ ጻፊ።»

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ሀብታሙ ክፍል ገባሁ። ሙከራውን ጣሪያ ሥር እንደሠራሁት፣ ማስጠንቀቂያ ደርሶኝ እንደፈረምኩ፣ ሰሙን ያመጣችው እትዬ አለሚቱ እንደሆነች የሚገልጽ ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር። አነበበው።

«ይህ አንቺን ነው የሚጎዳሽ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ዝናብ ተብሎ አልፏል እኮ፣ ዘይነባ።»

«ለጋሽ ጅግሶ አላለፈለትም።»

እንደገና አነበበው። ጓንቱን ያዘዘው እሱ እንደሆነ እኔ አልጻፍኩም ነበር። እስክሪብቶውን አነሣና በራሱ እጅ ያንን መስመር ጨመረበት፣ ከሥሩም ፈረመ። ሰው ነው፣ እላለሁ ያን ቀን ሳስታውስ። እኔ ከመፈረም ሥራ ተነሥቼ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደብኩ፤ እስከ ጡረታዬ ማዳበሪያ ከረጢትና የአቮካዶ ዘር ስረከብ ኖርኩ። አዲሱ ላስቲክ የሚሠራበት መመሪያ ግን የመጀመሪያው መስመሩ ላይ የእትዬ አለሚቱ ስም አለ።

ጋሽ ጅግሶ ዘንድ ራሴ ሄጄ «ያ ወረቀት የእኔ ነው» አልኩት። ፊቱን አዞረብኝ። ገበሬዎቹ አንድ የተከላ ወቅት አልፏቸዋል፣ ከፊሎቹ ወደ እሱ አልተመለሱም። አንድ ዓመት ሙሉ አላነጋገረኝም። በሚቀጥለው ዓመት ለእትዬ አለሚቱ ሲል ነው መሰለኝ፣ ከአዲሱ ላስቲክ አንድ መደብ ብቻ ተቀበለ። ችግኞቹ አንድ በአንድ ተነሡ፣ ከነላስቲካቸው ተተከሉ።

ከዚያ ደግሞ አንድ ክረምት አለፈ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ዘር እያስመዘንኩ ሳለ ስልኬ ጠራ።

«ጅግሶ ነኝ» አለ። «የተከልነው ሥር ቆፈርኩ። አራት ቦታ ቆፈርኩ።»

«ምን አገኘህ፣ ጋሽ ጅግሶ?»

«ምንም የለም።»

«ምንም?»

«ምንም። አፈር ነው። ላስቲኩ በጊዜው ጠፍቷል፣ እጅም የለ። ጥቁር አፈር፣ የቡናው ሥር አለበት፣ ሌላ ምንም የለም።»

አጠገቤ ያለው ማዳበሪያ ላይ ተቀመጥኩ። የምትመዝነው ልጅ «እትዬ ዘይነባ፣ ማን ሞተ?» ብላ ሮጣ መጣች። ማንም አልሞተም አልኳት፣ ማልቀሴን ግን ማቆም አቃተኝ።